አበጀ ለልጁ ያልነፋው ጡሩንባ

ንፋስ መውጫ ላይ አበጀን የማያውቅ የለም፤ ሲያየው ደስ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ለምደነው እንኖር ነበር፤ ስንቱን ክፉ ለምደን ኖረን የለ! የአበጀ ነገር ሌላ ነው። ማለዳ ጡሩንባውን ትከሻው ላይ አንግቶ በደጅ ካለፈ፣ እናቶች ከተኙበት ብድግ ይሉና ልጆቻቸው መኖራቸውን በዓይናቸው ያረጋግጣሉ። ከዚያ ጡሩንባው ይነፋል፤ ረዘም ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ሰበር ብሎ። አገሩ ጸጥ ይላል። ቀጥሎ የአበጀ ድምፅ ይመጣል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእገሌ አባት እገሌ አርፏል! ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው!» ይልና ወደሚቀጥለው ሰፈር ያዘግማል።

የተወለደው ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ማዶ ነው፤ ገብስ እንኳ ቅር እያለው በሚበቅልበት ቦታ። አባቱ ቄስ ትምህርት ቤት አስገብተውት ዳዊት ደግሟል። ዜማ ላይ ግን አልያዝ አለው። ድምፁ ጎልቶ ይወጣል፣ ቃሉ ይጠፋበታል። መሪጌታው ቢቸግራቸው «አበጀ፣ አንተን እግዜር የፈጠረህ ለተራራ ነው እንጂ ለማኅሌት አይደለም» ብለው መርቀው አሰናበቱት። እሱም ቅር ሳይለው ተመልሶ ሞፈር ጨበጠ። ኋላ የአባቱ መሬት ለወንድማማቾች ሲሸነሸን ለእሱ የደረሰችው በሬ ማዞሪያ እንኳ የሌላት ሆነችና፣ ከተማ ገብቶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ።

ወፍጮ ቤት የገባ ሰው መቼም ይታወቃል፤ ሞተሩ እየጮኸ ስለሚነጋገር ውጪም ሲወጣ እየጮኸ ነው የሚያወራው። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ሽማግሌው ሞላ አንድ ቀን ገብሳቸውን ሊያስፈጩ ሲመጡ፣ አበጀ ከሞተሩ በላይ ስማቸውን ሲጠራ ሰሙት። እሳቸው በዚያን ጊዜ የፊት ጥርሳቸው አልቆ ከንፈራቸው አፈሙዙን አልይዝ ብሏቸው ነበር። ዱቄታቸውን ተሸክመው ሄዱ፣ ጡሩንባውን ይዘው ተመለሱ። «እንካ፤ ይህን የሚያህል ሳንባ ይዘህ እህል ላይ አትጩህበት» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ሚስቱ ላቀች ጡሩንባዋን ቤት አስገብታ አታውቅም። ገና የመጀመሪያ ቀን ይዟት ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ «የሰው ሞት ከማጀቴ አይገባም» አለችው፤ እሱም ከጓሮ ከማድ ቤቱ ጣራ ሥር ሰቀላት። በዚህ ተጣልተው አያውቁም። ላቀች እንደ ስሟ ናት፤ አንድ ጊዜ ከተናገረች ሁለተኛ አትናገርም። ሰርግ ሲጠሩ ሰው አበጀን «አቤ፣ ዛሬስ ባዶ እጅህን መጣህልን፣ ተመስገን!» እያለ ይቀልድበታል። እሱም ይስቃል። ልቡ ግን አይስቅም ነበር። የሞት አፍ ሆኖ መኖር ቀላል ነገር መሰላችሁ? ያም ሆኖ ሥራውን ያከብረው ነበር። ባለጠጋ ሞተ ብሎ አያስረዝምም፤ ድኻ ሞተ ብሎ አያሳጥርም። ለሁሉም ያው ጡሩንባ፣ ያው ትንፋሽ።

አበጀና ላቀች አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሙሉቀን። ልጁ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ፈተናው አልመጣለትም። የሰው ባጃጅ እየነዳ ትንሽ ቆየና ከጎረቤት ልጅ ከክንዱ ጋር በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ልሄድ ነው አለ። አትሂድ ተባለ። እናቱ እግሩ ላይ ወደቀች። ልጅ አይሰማ፤ በጥቅምት አጥቢያ ሄደ።

በኅዳር ስልክ ተደወለ። ድሮ መርዶ ወግ ነበረው። ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ ይመጣሉ፤ ሁለት ሰው ቀኝና ግራ ክንድህን ይይዛል፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ገና ስታያቸው ልብህ ያውቀዋል። ዛሬ ስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ምን ወግ ያውቃል? አበጀ የሰው ስንዴ ወፍጮው አፍ ላይ እየገለበጠ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንጫረረ። ወደ ውጭ ሮጦ ወጣ። ቁጥሩ የማያውቀው ረዥም ቁጥር ነበር።

«ጋሼ አበጀ፣ ክንዱ ነኝ» አለ ድምፁ። ከዚያ አለቀሰ። «ጀልባዋ ገለበጠችን። እጁን ይዤው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ይዤው ነበር። አመለጠኝ። ዓይኔ እያየ ሰጠመ። ጋሼ፣ ሙሉቀን የለም።»

አበጀ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዱቄት ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ አድርጎታል። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አዩት። ተመልሶ ገባና የጀመረውን ስንዴ ጨርሶ ፈጨ፤ ለባለቤቷም አሸክሞ ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲገባ ላቀች አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። «ሙሉቀን ነው?» አለች። «ስልክ ነው የተናገረው» አላት። «ክንዱ ነው። ደንግጦ ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ ምን ያያል?» እሪ ልትል አፏን ስትከፍት አበጀ ዘልሎ እጁን አፏ ላይ ጫነው። «ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አትግደይብኝ!» አላት። እጁ ከአፏ ላይ ሲነሣ የዱቄት አሻራ ፊቷ ላይ ቀረ። እሪታዋም ወደ ውስጧ ተመለሰ፣ እዚያው ቀረ።

አበጀ የያዘው ነገር አለ። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወዲያ ማዶ፣ በረሃ ሞተ ተብሎ ተዝካሩ የተበላለት ሰው ነበረ። የተዝካሩ ጠላ ጋን ሳይታጠብ በእግሩ መጣ አሉ፤ ሚስቱ ስታየው ራሷን ስታ ወደቀች አሉ። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ ሰው ግን እንዲህ ያወራል። አበጀ ይህን ሰው በዓይኑ አላየውም፤ ግን ከወንድሙ አብልጦ ያምነው ነበር። የመጣበትን መንገድ፣ የለበሰውን ኮት፣ በሩን እንዴት እንዳንኳኳ ሁሉ ያውቃል። አንዳንድ ቀን ወፍጮው እየዞረ ሙሉቀን ያንን ኮት ለብሶ በር ላይ ሲቆም ይታየዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ለእድሩ ዳኛ «ደረቴን ያመኛል፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አላቸው። ዳኛው ትክ ብለው አዩትና ተዉት። ከዚያ ወዲህ የሰው ሞት ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ይነገር ጀመር። አሮጊቶቹ «እንደ ጨው ነጋዴ!» እያሉ አማረሩ። ጡሩንባዋ ማድ ቤቱ ጣራ ሥር ሸረሪት አደራባት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ክንዱ ለእናቱም ደውሏል፤ የክንዱ እናት ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ነገር ግን ቤቱ ራሱ ሳይናገር ማን ደፍሮ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል? ያልሞተ ልጅ ማሟረት ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤት ይመጣል። ባንቺዓለም ትመጣለች፣ ሌሎቹም ይመጣሉ። ይቀመጣሉ፤ ስለ ገብስ ዋጋ ያወራሉ፤ ስለ ውርጭ ያወራሉ፤ አንዷ ዓይኗ እንባ ሲያቀር «ጭሱ ነው» ትላለች፤ ተነሥተው ይሄዳሉ። ላቀች በር ድረስ ሸኝታቸው ትመለሳለች። ጥቁር እንዳትለብስ ልጇ አልሞተም፤ ጸጉሯን እንዳትሠራ ልጇ ሞቷል። አመዳም ሻሿን አሥራ ከረመች።

አንድ ቀን የንስሐ አባታቸውን አባ ጥበቡን አስጠርታ «አባቴ፣ ፍትሐት አድርጉልኝ» አለቻቸው። አባ ጥበቡ አበጀን አዩት። አበጀ መሬት መሬት አየ። «ልጄ፣ አባቱ ሞተ ካላለ እኔ ምን ብዬ ልፍታ?» አሉ። ላቀች አባን እጅ ነሥታ ሸኘችና ወደ ባሏ ዞረች። «የአገሩን ሞት ስትለፍፍ ኖረህ የእኔን ልጅ ግን እንደ ውሻ ሳይነገርለት አስቀረኸው» አለችው።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ እንዳልካቸው የሚባል ወጣት መምህር ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ። ይህ ልጅ መቀመጫው እሾህ አለበት ይሉታል፤ ዝም ብሎ አያውቅም። የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስቦ የሙዚቃ ቡድን አቋቁሟል፤ ከበሮ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ አንድ ከሰው የተዋሱት ኦርጋን። ከግንቦት ልደታ በኋላ ባለው እሁድ፣ ወጣቶቹ ራሳቸው ችግኝ ተክለው ባበጁት መናፈሻ፣ ለሕዝብ በነጻ ኮንሰርት ሊያሳዩ ነው።

«ጋሼ አበጀ፣ መክፈቻውን በእርስዎ ጡሩንባ ነው የምንፈልገው» አለው።

«የሞት ዕቃ እኮ ናት፣ ልጄ።»

«ዕቃዋ ምን አጠፋች? ጥንት መለከቱ፣ እምቢልታው ለደስታ አልነበረም እንዴ? እኛ ነን ለቀብር ብቻ ያስቀረናት። እርስዎ ይንፉ፣ ከበሮው ይቀበልዎታል። አገር ይደነቃል!»

አገር መደነቁስ ተደንቋል፤ እሱን ኋላ እናያለን። አበጀ እንቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «እሺ» ነው። ለምን እሺ እንዳለ ለራሱም አልገባውም ነበር። ቆይቶ ሲያስበው ግን ገባው። ጡሩንባዋ አንድ ጊዜ ለደስታ ከተነፋች፣ ሞት የለመደው አፏ ይፈታል ብሎ አሰበ። ከዚያ ሙሉቀን ሲመጣ የከተማው መግቢያ ላይ ቆሞ ይነፋለታል። ይህን ያሰበ ሰው ሞኝ ነው የሚል ካለ ልጅ አልወለደም።

ልምምዱ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አበጀ በነፋ ቁጥር ልጆቹ ሰውነታቸው ይሰቀጥጣል። እንዳልካቸው «አይስበሩት ጋሼ፤ መጨረሻውን አይስበሩት፤ ቁርጥ ቁርጥ ያድርጉት» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት የለመደ ከንፈር በአንድ ቀን ይመለሳል? ግን ቀስ በቀስ ያዘው። ከበሮው ሲቀበለው፣ ማሲንቆው ከሥር ሲገባ፣ አበጀ እግሩ ራሱ መሬቱን ሲመታ አገኘው። አንድ ቀን ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ወዲያው ደነገጠና አፉን በእጁ ያዘ፣ ሰው ያየው እንደሆነ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ ከበደው።

ላቀች የሰማችው ከውጭ ነው። ጡሩንባዋ ከጣራው ሥር መውረዷን ግን አስቀድማ አይታለች። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ቅርጫቷን አስቀምጣ ፊቱ ቆመች።

«ለልጄ ያላወጣኸውን ትንፋሽ ለዘፈን ልታወጣው ነው አሉ።»

«ዘፈን አይደለም፣ መክፈቻ ነው» አለ አበጀ። ምን የሚሉት መልስ ነው! «ሙሉቀን ሲመጣ እሱም ቢሰማ ደስ ይለዋል።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች ላቀች። ድምፏን አላነሣችም። «እኔም እመጣለሁ። ስትነፋ ላይህ እመጣለሁ።»

እሁድ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የንፋስ መውጫ ነፋስ ግን የሚምረው ሰው የለም፣ የችግኞቹን አናት መሬት ሊያስነካ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እየተንጠባጠበ መናፈሻው ሞላ። አረጋውያኑ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሲሚንቶ መቀመጫዎቹን ያዙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነፋስ እንዳይወስድባቸው ጫፉን ጨብጠው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የባጃጅ ሹፌሮች ባጃጃቸውን ዳር አሰልፈው ውስጧ ጋደም አሉ። ቆሎ ሻጮች ገበያቸው ደራ። እንዳልካቸው ማይክ ይዞ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ቼክ» ሲል አንድ ሽማግሌ «አቤት!» አሉት፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከቀበሌ የመጣ አንድ ሰው ንግግር አደረገ፤ አስረዘመ፤ ማንም አልሰማውም። ላቀች ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከባንቺዓለም አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

እንዳልካቸው አንድ ስሕተት ሠራ። በጎ አስቦ ነው፤ ግን ሠራ። ሕዝቡን በድንገት ላስደስት ብሎ አበጀን ከመድረኩ ጀርባ፣ ከተሰቀለው ሸራ ኋላ ደበቀው። ማይክ አፉ ላይ ተከለለት። ለማንም አልተናገረም። ንፋስ መውጫ ላይ ሳይታይ የሚነፋ ጡሩንባ ምን ማለት እንደሆነ ያ ሁሉ ትምህርት አላስተማረውም፤ ወይም ደስታው አስረሳው።

«አሁን!» አለ በሸራው ጫፍ ብቅ ብሎ።

አበጀ ደረቱን ሞላ። ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ሊነፋ ነበር ሐሳቡ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሐሳቡ ያ ነበር። ከንፈሩን ሲያስጠጋ ግን ላቀች እዚያ ውጭ ተቀምጣ እንደምትሰማው ትዝ አለው። ትንፋሹ በራሱ መንገድ ሄደ። ረዘም አለ፣ ከፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። በድምፅ ማጉያዎቹ ወጥቶ ከተማውን ከላይ እስከ ታች ሞላው።

ሕዝቡ ባንድ ላይ ተነሣ። የተነሣው አስቦ አይደለም፤ እግሩ ነው ያነሣው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወረዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ «ወይኔ እናቴ!» አለች፤ እናቷ ታማ ቤት ትታት መጥታ ነበርና። «ማነው? የማን ቤት ነው?» የሚል ጉርምርምታ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ባለ ሱቆች ከአስፋልቱ ወዲያ በራቸውን ሲዘጉ ተሰማ። ከበሮ መቺው እጁን አንሥቶ እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። በዚህ አገር ጡሩንባ ተነፍቶ ስም ሳይጠራ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሁሉም ቆሞ ስሙን ጠበቀ።

እንዳልካቸው ላብ ላብ አለው። ማይኩን ይዞ መድረኩ ላይ ወጣና «ተረጋጉ! ይቅርታ! ማንም አልሞተም! ሙዚቃ ነው፣ የመክፈቻ ሙዚቃ ነው! ማንም አልሞተም!» ብሎ ጮኸ። ማጉያው «ማንም አልሞተም» የሚለውን ወስዶ ገበያው ድረስ አሰማው። ሰው መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ አንዱ ሳቀ። ሌላው «ምን ዓይነት ቀልድ ነው!» ብሎ ተቆጣ። እናቷ የታመመችባት ሴት ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። ተመስገን፣ ተመስገን እያለ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ተቀመጠ፤ ያጨበጨበም አለ። አበጀን እንዳልካቸው እጁን ይዞ ከሸራው ኋላ አወጣውና «ጋሼ አበጀን በጭብጨባ!» አለ።

አበጀ መድረኩ ላይ ቆሞ አየ። ሁሉም ተቀምጧል። ላቀች ብቻ ቆማለች። ባንቺዓለም ነጠላዋን እየጎተተች «ተቀመጪ፣ ላቀች፣ ሙዚቃ ነው አሉ እኮ» ትላታለች። ላቀች አትሰማትም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ጡሩንባ እንደ ተነፋለት ሰው ቆማ፣ ስሙን ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

እንዳልካቸው ነገሩን ለማስተካከል ሲል ደገመው። «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ማንም አልሞተም፤ ደስታ ነው፣ ወደ ሙዚቃችን...»

«ተው» አለው አበጀ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ማንም አልሞተም አትበል።» ወደ ላቀች አየ። «ሞቷል እንጂ። ሞቷል፣ ልጄ።»

ይህን ለእንዳልካቸው ብቻ ነበር የተናገረው፤ ከፊት የተቀመጡት ግን ሰሙት። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡ። ከአጠገባቸው ያለውም ተነሣ። አበጀ ጡሩንባዋን ከጎኑ አደረገ፣ በቆመበት አንገቱን ቀና አደረገ፣ ወፍጮ ቤት የለመደው ድምፅም ወጣ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአበጀና የላቀች ልጅ ሙሉቀን አርፏል! ቀብሩ...»

እዚህ ላይ ቆመ። ስንቱን ቀብር ተናግሯል፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። አሁን ወዴት ይበል? በሕይወቱ ባሕር አይቶ አያውቅም። ምን ቀለም እንዳለው አያውቅም። ሕዝቡ ይጠብቃል፤ ነፋሱ ሸራውን ያርገበግባል።

«ቀብር የለውም» አለ። «ልጄ ቀብር የለውም። ልቅሶው ቤቴ ነው። ኑልኝ።»

ያን ጊዜ የሆነውን ማየት ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ታፍኖ የከረመ ልቅሶ አይደል? «ጭሱ ነው» ስትል የነበረችው ባንቺዓለም ደረቷን እየደቃች «ሙሉዬ! ሙሉዬ!» ብላ ጮኸች። የክንዱ እናት ሣሩ ላይ ተንከባለለች። የባጃጅ ሹፌሮቹ፣ የሙሉቀን ባልንጀሮች፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ጀርባቸውን ወደ ሰው አዞሩ። ማሲንቆ መቺው ሳያስበው ገመዷን ነካ አድርጎ ነበር፤ ድምፅዋ ራሱ ሙሾ ሆነበትና ተዋት። እንዳልካቸው ማይኩን መሬት አስቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አበጀ መድረኩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰው እየመጣ ትከሻውን ይነካል፣ «እግዜር ያጥናህ፣ አቤ፤ እግዜር ያጥናህ» ይለዋል። ይህን ቃል እንዲህ እንደሚከብድ አያውቅም ነበር። የለቀቀው አሁን ብቻ ነው፤ ልጁን አሁን ለቀቀው፣ ክንዱ እጁን ይዞ እንደ ለቀቀው። አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ፣ ከዱቄቱ ቀን ጀምሮ ያላለቀሰውን አለቀሰ።

ላቀች ከኋላ ተነሥታ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ሻሿን ፈትታለች። አላለቀሰችም፤ ገና ነው፤ የሚያስለቅሳት ቀን ሙሉ አለ። አበጀ ፊት መጥታ ቆመች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበውም ይገባው ነበር። እሷ ግን ጎንበስ አለችና በዕድሜዋ ነክታት የማታውቀውን ጡሩንባ ከድንጋዩ ላይ አነሣች። የጡሩንባዋን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ሰጠችው።

«ስሙን ስትጠራ ማጉያው አልያዘልህም» አለችው። «የታችኛው ሰፈር ጡሩንባዋን እንጂ ስሙን አልሰማም። ተነሥ፣ ደግመህ ንፋ።»

አበጀ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ድንጋዩን ተደግፎ ተነሣ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ዞረ፣ ነፋ።